ስለ ካቶሊክ ጋብቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እጮኛሞች፣ ወላጆች፣ ካቶሊክ የወደዱ የሌላ እምነት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ካቶሊኮች ጋብቻን ምሥጢር የሚሉት ለምንድን ነው?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ምሥጢራት አሏት። ምሥጢረ ተክሊል አንዱ ነው። በሁለት የተጠመቁ ሰዎች መካከል የሚደረግ ጋብቻ እግዚአብሔር ጸጋውን የሚሰጥበት መንገድ እንደሆነ ይታመናል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥቅስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ያለው ነው። እዚያ የባልና ሚስትን ፍቅር ከክርስቶስና ከቤተ ክርስቲያን ፍቅር ጋር ያያይዘዋል።

ትምህርቱ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በነጻ ፈቃዳቸው፣ ለዕድሜ ልክ፣ ሦስተኛ ሰው ሳያስገቡ፣ ልጅ ለመቀበልም በራቸውን ሳይዘጉ አንድ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የምታነቡት ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በተለይ ፈቃድ የምትለዋን ነገር ያዟት፤ ደጋግማ ትመጣለች።

የሚያጋባው ማን ነው? ካህኑ ወይስ ተጋቢዎቹ ራሳቸው?

መልሱ እንደምትከተሉት ሥርዓት ይለያያል። አገራችን ውስጥ ሁለት ሥርዓት አለ። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ይከተላሉ። ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ መቂ፣ ሐረርና ነቀምት ደግሞ የላቲን ሥርዓት ናቸው። ሁለቱም ካቶሊክ ናቸው፣ ሁለቱም ከሮም ጋር አንድ ናቸው። የሚመሩበት ሕገ ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) ግን ሁለት ነው። የላቲኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983፣ የግዕዝ ሥርዓት የሚመራበት የምሥራቃውያኑ በ1990 ነው።

በላቲን ትምህርት ምሥጢሩን አንዱ ለሌላው የሚሰጡት ሙሽሮቹ ናቸው። ካህኑ ወይም ዲያቆኑ ፈቃዳቸውን ጠይቆ በቤተ ክርስቲያን ስም ይቀበላል። በግዕዝ ሥርዓት ግን የካህኑ ቡራኬ ራሱ የግድ ነው፤ ያለ እሱ ጋብቻው አይጸናም። ስለዚህ ዲያቆን አይበቃም። ይሄ ውጭ አገር ላሉ ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ባሉ የላቲን ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት) ዲያቆን ማጋባቱ የተለመደ ነው። ከሁለት አንዳችሁ እንኳ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ ወይም ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ካህን እንዲሆን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን በግልጽ ሕግ አድርገውታል።

ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል? መቼ እንጀምር?

በቅርብ የተጻፈ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ ሜሮን መቀበላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ያላገባ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ወረቀትና መታወቂያ ይጠየቃል። የትዳር አጋር የሞተበት ሰው የሞት ማስረጃ ይጨምራል። ከዚያ የጋብቻ ትምህርት አለ። ከቁምስናው ካህን ጋር ለየብቻ የሚደረግ ንግግርም አለ። ስማችሁም በእሑድ ቅዳሴ ይነገራል፤ እንቅፋት የሚያውቅ ሰው ካለ ይናገር ተብሎ ነው።

የጥምቀት ወረቀቱ ለምን የድሮው አይሆንም የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። ሰው ሲያገባ ጋብቻው በተጠመቀበት ቁምስና መዝገብ ላይ ይጻፋል። አዲስ ወረቀት ሲወጣ ያ ማስታወሻ አብሮ ይወጣል። ሌላ ቦታ አግብቶ ያላገባሁ ነኝ የሚል ሰው የሚያዘው እዚህ ጋ ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ ሂዱ እላለሁ። የጥር ሠርግ አስባችሁ አዳራሽ በሰኔ የያዛችሁ ሰዎች፣ ካህኑን በታኅሣሥ ማናገር ምን የሚሉት ነው? በዐቢይ ጾም ተክሊል ስለማይደረግ፣ ጥር ካመለጣችሁ ወደ ሚያዝያና ግንቦት መግፋት ሊመጣ ይችላል።

ማዘጋጃ ቤት ብንፈራረም አይበቃም?

ለመንግሥት ይበቃል። ለቤተ ክርስቲያን አይበቃም። ካቶሊክ ሰው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ሥልጣን ባለው ካህን ፊት፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ማግባት አለበት። ይህ ሳይሆን በሰማንያ ብቻ ቢጋባ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ብላ አትቆጥረውም።

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ጥብቅነት አይደለም። በድሮው አውሮፓ ሁለት ሰዎች ጓሮ ውስጥ ተገናኝተው ተጋብተናል ቢሉ ጋብቻው ይጸና ነበር። ከዚያ ወንዱ ይጠግብና አላውቃትም ይላል፤ ምስክር የለ፣ መዝገብ የለ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ካህንና ምስክር የግድ ያደረገው ይህን ለማስቆም ነው። ሕጉ መጀመሪያ የጠቀመው ሴቶችን ይመስለኛል።

በሰማንያ ተጋብታችሁ ዓመታት ከኖራችሁ መፍትሔ አለ። ከቁምስናችሁ ካህን ጋር ተነጋግራችሁ ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ማጽናት ይቻላል። ትልቅ ድግስ አያስፈልግም። ብዙዎች በተራ ቀን፣ ልጆቻቸው ባሉበት ያደርጉታል። በአገራችን የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖት ጋብቻም በመንግሥት ፊት ይታወቃል። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ማስመዝገቡን ግን አትርሱ።

ሚዜዬ ኦርቶዶክስ ነው። ምስክር መሆን ይችላል?

ይችላል። ምስክር የሚፈለገው ያየውን ለመመስከር ነው።

እኔ ዱባይ ነኝ፣ እሱ አዲስ አበባ ነው። በውክልና ወይም በቪዲዮ መጋባት ይቻላል?

በቪዲዮ አይቻልም። ፈቃዳቸውን የሚሰጡ ሰዎች በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። በውክልና መጋባት የላቲን ሕግ በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል። የምሥራቃውያን ሕግ ግን የየቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ደንብ ካልፈቀደ በቀር በውክልና የተደረገ ጋብቻ አይጸናም ይላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የካቶሊክ ቁምስናዎች አሉ፤ አቡ ዳቢና ዱባይም ጭምር። እዚያ ያለውን ካህን ማናገርና ወረቀቱን ከዚያ መጀመር ይሻላል። ሥርዓቱ ራሱ ለእረፍት ስትመጪ ይሁን።

የሥጋ ዘመድ የሚከለከለው እስከ ስንት ድረስ ነው?

የኛ ባህል ሰባት ቤት ይቆጥራል። የካቶሊክ ሕግ ከዚያ በጣም ይጠባል። ወላጅና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ እያለ ወደ ላይና ወደ ታች ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው። ወደ ጎን ደግሞ እስከ አጎትና አክስት ልጅ ድረስ ይከለከላል። ከዚያ በኋላ በሕጉ መከልከሉ ይቀራል። ቢሆንም የአያታችሁን ወንድም የልጅ ልጅ ላግባ ብላችሁ ሽማግሌ ብትልኩ ቤተሰብ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። እዚህ ጋ ባህሉ ከሕጉ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ባህሉን ተዉ አትልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው የክርስትና ዝምድናን ነው። በምሥራቃውያን ሕግ የክርስትና አባት ወይም እናት የክርስትና ልጁን ማግባት አይችልም። የልጁን ወላጅም ማግባት አይችልም። ለምሳሌ ለሟች ጓደኛህ ልጅ የክርስትና አባት ከሆንክ፣ ከዓመታት በኋላ እናትየዋን ላግባ ብትል እንቅፋት አለ። ያለ ልዩ ፈቃድ ጋብቻው አይጸናም። የላቲን ሕግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1983 አስቀርቶታል። የሟች ሚስትን እህት ወይም የሟች ወንድምን ሚስት ማግባትም በምሥራቃውያን ሕግ እንቅፋት ነው። በአንዳንድ አካባቢ የወንድምን ሚስት መውረስ ልማድ ስለሆነ ጉዳዩ ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም።

ቤተሰቤ አስገድደው ቢድሩኝስ? ተጠልፋ ያገባች ሴትስ?

ፈቃድ ከሌለ ጋብቻ የለም። ካህን ቢባርክ፣ ሺህ ሰው ቢበላና ቢጠጣ፣ ቪዲዮ ቢቀረጽ ለውጥ አያመጣም። በዱላ ወይም በከባድ ፍርሃት የተሰጠ እሺታ እሺታ አይደለም። ካህኑ ለየብቻ የሚያነጋግራችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ያን ሰዓት እውነቱን ተናገሩ።

ጠለፋን ሕጉ በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። የተጠለፈች ሴት በጠላፊው እጅ እያለች እሺ ብትል እንኳ ጋብቻው አይጸናም። መጀመሪያ ከእሱ ተለይታ፣ ደኅና ቦታ ሆና፣ በራሷ ፈቃድ መምረጥ አለባት። የኢትዮጵያ ሕግ እዚህ ለመድረስ ዘግይቷል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ ያ የቀረው በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው።

ዕድሜን ካነሳን፣ ሕገ ቀኖናው ለወንድ 16፣ ለሴት 14 የሚል ዝቅተኛ ወለል አለው። ለኔ ይሄ ቁጥር ጊዜው ያለፈበት ነው። ደግነቱ እዚህ አገር ተፈጻሚ አይሆንም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ይላል፣ በመንግሥት ሕግ ሊጋቡ የማይችሉ ሰዎችን ደግሞ ካህን ያለ ጳጳሱ ፈቃድ እንዲያጋባ አይፈቀድለትም።

እጮኛዬ ኦርቶዶክስ ናት። ሃይማኖት ሳንቀይር መጋባት እንችላለን?

በካቶሊክ በኩል ይቻላል። የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካቶሊኩ ወገን እምነቱን እንደሚጠብቅ፣ ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል። ኦርቶዶክሷ ቃል አትገባም፤ እሱ ምን ብሎ ቃል እንደገባ ግን ይነገራታል። የሚችለውን ሁሉ የተባለው ታስቦበት ነው። ልጅ የሁለት ሰው ነው፤ ሕጉም ያውቀዋል። ሆኖም ስለ ልጆቹ ጥምቀት ከሠርጉ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። አርባና ሰማንያ ቀን ሲደርስ፣ አያቶች በሁለቱም በኩል ነጠላቸውን ለብሰው ሲመጡ፣ ያን ጊዜ መጀመር አይቻልም።

በኦርቶዶክስ በኩል ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ካቶሊኩ እንዲጠመቅ ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ ሁለት በር ላይ ይቆማሉ። ካቶሊኩ ያለ ፈቃድ ሄዶ በኦርቶዶክስ ካህን ተባርኮ ቢያገባስ? ጥፋት ነው፣ ሕግ ተላልፏል። ጋብቻው ግን ሌላ እንቅፋት ከሌለው የጸና ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስን ክህነትና ምሥጢራት እውነተኛ ናቸው ብላ ስለምትቀበል ነው። ሁለቱም ቦታ ሄዶ ሁለት ጊዜ ቃል ኪዳን መግባት ግን አይፈቀድም።

ፕሮቴስታንት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ፈቃዱም ቃሉም ያው ነው። ካቶሊኩ ያለ ልዩ ፈቃድ ቸርች ሄዶ ቢያገባ ግን ጋብቻው አይጸናም።

ሙስሊም ማግባትስ?

አንዱ ካልተጠመቀ የጳጳሱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን እንቅፋቱን የሚያነሳ ልዩ ውሳኔ ያስፈልጋል። ያለ እሱ ጋብቻው አይጸናም። ከተፈቀደ ጋብቻው እውነተኛ ጋብቻ ነው፣ ምሥጢር ግን አይባልም፤ ለዚያ ሁለቱም መጠመቅ አለባቸው።

ካህናት እዚህ ላይ ብዙ የሚጠይቁት ሙስሊሙ ወገን በአንድ ሚስት ለመወሰን ከልቡ መስማማቱን ነው። የእሷ ቤተሰብ ሙስሊም ሆኖ እሱ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ በእስልምና በኩል ስለማይፈቀድ ከባዱ ክርክር የሚሆነው እዚያው ቤት ነው።

የወሊድ መከላከያ መጠቀም እውነት ኃጢአት ነው?

ትምህርቱ አዎ ይላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1968 ባወጡት መልእክት ኪኒን፣ መርፌ፣ ኮንዶም የመሳሰሉትን ለመከላከያነት መጠቀም አይፈቀድም ብለዋል። ጉዳዩን እንዲያጠና ከተቋቋመው ኮሚሽን አብዛኛው አባል ለውጥ ይደረግ ብሎ ነበር። ጳጳሱ አልተቀበሉትም። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም፤ ብዙ ካቶሊኮችም በተግባር አይከተሉትም። ይህን መደበቅ አይጠቅምም።

ትምህርቱ ልጅ በልጅ ላይ ውለዱ አይልም። ኑሮን፣ ጤናን፣ ያሉትን ልጆች አይቶ ማራራቅ ይፈቀዳል፤ የሚባለው መንገዱ ተፈጥሯዊ ይሁን ነው። የአውስትራሊያዎቹ ሐኪሞች ባልና ሚስት የቢሊንግስ ዘዴ ከነዚህ አንዱ ነው። ሴቷ ከማህፀን የሚወጣውን ፈሳሽ እየተከታተለች ልታረግዝ የምትችልባቸውን ቀናት ትለያለች፤ በእነዚያ ቀናት ይታቀባሉ። የባል ትብብር ከሌለበት አይሠራም። ለማህፀን ሕመም ሐኪም ያዘዘው ኪኒን ግን ሕክምና ነው። ጎንዮሽ ውጤቱ እርግዝና መከላከል ቢሆንም አይከለከልም።

ልጅ መውለድ ካልቻልንስ? ጋብቻው ይፈርሳል?

አይፈርስም። መካንነት ጋብቻን አይከለክልም፣ አያፈርስም። "አልወለደችልኝም" ብሎ ሚስት መፍታት በዚህ ትምህርት ቦታ የለውም። መካንነቱን እያወቀ ሆን ብሎ ደብቆ ያገባ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ያ ማታለል ስለሆነ በፍርድ ሊታይ ይችላል።

በላቦራቶሪ የሚደረግ ፅንስን ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም፤ አቋሟን እ.ኤ.አ. በ1987 አውጥታለች። መካንነትን ማከም፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት ይፈቀዳል። ጉዲፈቻም ይበረታታል።

ባሌ ይመታኛል። "እስከ ሞት" ብዬ ቃል ስለገባሁ መቀመጥ አለብኝ?

የለብሽም። ሕጉ በግልጽ ጽፎታል፦ አንዱ ወገን በሌላው ወይም በልጆቹ አካል ወይም ነፍስ ላይ ከባድ አደጋ ካመጣ መለየት ይፈቀዳል። በመዘግየት አደጋ ካለ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ መውጣት ይቻላል። ቻይው፣ ጸልይለት ብሎ የሚመልስ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሕግ እየነገረሽ አይደለም።

ንብረትን፣ የልጆችን አስተዳደግና ቀለብን ለማስጠበቅ ሌላ መንገድ ከሌለ በመንግሥት ፍርድ ቤት መፋታትም ኃጢአት ተብሎ አይቆጠርም። ተፋትታ ሌላ ያላገባች ሴት መቁረብ ትችላለች። ይህን ባለማወቅ ስንት ሰው ከቁርባን ርቆ ዓመታት ይኖራል።

ፍቺ ከሌለ አንዳንድ ሰዎች እንዴት ሁለተኛ በቤተ ክርስቲያን ያገባሉ?

ብዙ ጊዜ የትዳር አጋራቸው ሞቶ ነው። ሞት ቃል ኪዳኑን ይፈታል። ሌላው መንገድ የጋብቻ ውድቅነት የሚባለው ነው። ይህ ፍቺ አይደለም። ፍቺ የነበረን ጋብቻ ያፈርሳል። ውድቅነት ግን ያ ጋብቻ ከመጀመሪያው አልተመሠረተም ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ ቤት የሚመረምረው የሠርጉን ቀን ነው። ያን ቀን ሁለቱም በነጻነት፣ እያወቁ፣ ጋብቻ ማለት የሆነውን ነገር ፈልገው እሺ ብለው ነበር?

ከሠርግ በኋላ የመጣ በደል ብቻውን አይበቃም። ከአሥር ዓመት በኋላ መጠጥ የጀመረ፣ ውጭ አገር ሄዶ ሌላ የያዘ ባል በድሏል፤ ጋብቻው ግን ጋብቻ ነው። ገና ሲያገባት "ለወረቀት ነው፣ አሜሪካ ስገባ እተዋታለሁ" ብሎ ያሰበ ሰውስ? ልጅ ፈጽሞ አልወልድም ብሎ በልቡ የዘጋ? ሌላ ቦታ ልጅ እንዳለው የደበቀ? በቤተሰብ ጫና ያገባ? የጋብቻን ኃላፊነት መሸከም የማይችል ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረበት? እነዚህ ይመረመራሉ። ማስረጃና ምስክር ይቀርባል። ጋብቻው የጸና ነው ብሎ የሚከራከር ሹምም አለ። ሥራው ነው፤ አትቀየሙት።

ሂደቱ ድሮ ሁለት ተመሳሳይ ፍርድ ይጠይቅ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን አስቀሩት። አሁን ይግባኝ ካልተባለ አንድ ፍርድ ይበቃል። ሁለቱም ከተስማሙና ማስረጃው ግልጽ ከሆነ ጳጳሱ ራሱ የሚፈርድበት አጭር መንገድም ተከፍቷል። በተቻለ መጠን በነጻ ይሁን የሚል መመሪያም አለ። ገንዘብና ሥልጣን ያለው ይገዛዋል ለሚሉ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ጠይቆ ተከልክሏል፤ በዚያ ጠብ እንግሊዝ ከሮም ተለየች።

ጋብቻዬ ውድቅ ከተባለ ልጆቼ ያለ ጋብቻ የተወለዱ ሊባሉ ነው?

አይባሉም። ሕጉ ይህን በግልጽ ዘግቶታል። ቢያንስ አንዱ ወላጅ በቅን ልብ ተጋብቻለሁ ብሎ ያምን ከነበረ ልጆቹ ሕጋዊ ናቸው፣ ውድቅ ከተባለም በኋላ እንዲሁ ይቀጥላሉ። በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን ፍርድ በመንግሥት ፊት ፍቺ አይሆንም። ለንብረትና ለልጆች ጉዳይ የመንግሥት ፍርድ ቤት መሄድ የግድ ነው።

ሁለት ሚስት ያለው ሰው ካቶሊክ ልሁን ቢልስ?

በደቡብና በኦሮሚያ አንዳንድ ቁምስናዎች ይህ በየጊዜው የሚገጥም ነገር ነው። መጠመቅ ከፈለገ አንዷን ብቻ ይዞ መኖር አለበት። መሠረቱ የመጀመሪያዋ ናት። እሱም ሴቶቹም ያልተጠመቁ ከነበሩና ከመጀመሪያዋ ጋር መኖር ከከበደው ግን ሕጉ ከመካከላቸው አንዷን እንዲይዝ ይፈቅድለታል።

ከባዱ ቀሪዎቹ ናቸው። ሕጉ የመጀመሪያዋም ሆነች ሌሎቹ፣ የሚተዋቸው ሴቶች ሁሉ በቂ መተዳደሪያ እንዲያገኙ ጳጳሱ እንዲከታተል ያዛል። የመሬት፣ የከብት፣ የልጆች ጉዳይ ሳይፈታ ሰውየውን አጥምቆ መሸኘት በሴቶቹ ኪሳራ የተገኘ ጥምቀት ነው። አንዳንድ አዛውንት ይህን አይተው ሳይጠመቁ፣ ቅዳሴ ብቻ እየመጡ ይኖራሉ።

ተፋትቶ ሌላ ያገባ ሰው መቁረብ ይችላል?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 የሰጡት መልስ ግልጽ ነበር። የመጀመሪያው ጋብቻ ውድቅ ካልተባለ፣ አዲሶቹ ጥንዶች በልጆች ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት መለያየት ካልቻሉ፣ እንደ ወንድምና እህት ከኖሩ መቁረብ ይችላሉ። ካልሆነ ቅዳሴ ይምጡ፣ ይጸልዩ፣ ልጆቻቸውን ያስተምሩ እንጂ አይቁረቡ። ከቤተ ክርስቲያን አልተባረሩም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ፍራንቸስኮስ ስለ ቤተሰብ ባወጡት ሰነድ ላይ ጉዳዩ በየሰዉ ሁኔታ፣ ከካህን ጋር በጸሎትና በምርመራ ይታይ አሉ። በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይም በአንዳንድ ሁኔታዎች የምሥጢራት እርዳታ ሊኖር እንደሚችል ጠቀሱ። ያቺ ማስታወሻ ዓለምን አከራከረች። የማልታና የጀርመን ጳጳሳት በሩ ተከፍቷል ብለው ተረጎሙት። የፖላንድ ጳጳሳት በድሮው ጸኑ። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ሰዎች ሁለት አገር ላይ የተለያየ መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ አይመቸኝም፤ እውነታው ግን ይሄ ነው። እናንተ የራሳችሁን ካህን ጠይቁ እንጂ ከዩቲዩብ መልስ አትውሰዱ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ቫቲካን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ፈቀደች የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2023 የወጣው ሰነድ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው የሚለውን ትምህርት ደግሞ አጽንቶታል። የፈቀደው ካህን ቡራኬ ለጠየቁ ጥንዶች አጭር ጸሎት እንዲያደርግ ነው፤ ያለ ሥርዓተ አምልኮ፣ ሠርግ በማይመስል ሁኔታ። ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ "ጋብቻ ተፈቀደ" ሆኖ ነበር።

አፍሪካ ውስጥ ተቃውሞው ጠንካራ ነበር። የአህጉሩ ጳጳሳት ጉባኤ፣ በኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ ፊርማ፣ በጥር 2024 ይህ ዓይነት ቡራኬ በአፍሪካ ተገቢ አይሆንም ብሎ አሳወቀ። ሮምም ተቀበለችው።

እጮኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፤ ቀደም ሲል በሰማንያ አግብቶ ፈትቷል። እኔ ካቶሊክ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ሊያገባኝ ይችላል?

ይሄ ካሉት ሁሉ የሚያወዛግበው ነው። ሰዎች ካቶሊክ ስላልነበረ የድሮው ጋብቻ አይቆጠርም ብለው ያስባሉ። ተሳስተዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሌሎችንም ጋብቻ የጸና ነው ብላ ትነሳለች። ሁለት ፕሮቴስታንቶች ቸርች ወይም ማዘጋጃ ቤት ቢጋቡ፣ ሁለት ሙስሊሞች በኒካህ ቢጋቡ፣ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ናቸው። ከዚያ ፈትቶ የመጣ ሰው እንደ ነጻ ሰው አይቆጠርም።

ኦርቶዶክስ ላይ ግን ልዩ ነገር አለ። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን በካህን ቡራኬ መጋባት አለበት ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ያለ ምንም የካህን ሥርዓት በሰማንያ ብቻ የተደረገ ጋብቻ ሥርዓት የጎደለው ተብሎ ሊታይ ይችላል። ያ ከተረጋገጠ ነገሩ በወረቀት ማስረጃ ያልቃል፤ ረጅም ችሎት አያስፈልግም። በተክሊል ወይም በቁርባን ያገባ ከነበረ ግን እንደ ካቶሊክ ጋብቻ ሙሉ ምርመራ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ያን ጊዜ ካህን ነበረ ወይ የሚለው ነው። ይህን ቀለበት ከማድረግ በፊት ጠይቂው። የሰማንያውን ቅጂና የፍቺውን ውሳኔ አውጥቶ ይያዝ። ያን ጊዜ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ካሉም ስማቸውን ይጻፍ፤ ካህኑ መጠየቁ አይቀርም።